የህዳሴ ግድብ ተመርቆ ሳለ የሰፈር ወፍጮ ለምን ኃይል ያጥረዋል?

ጥያቄ፦ «ከአዲስ አበባ ወጣ ብላ በምትገኝ ከተማ የእህል ወፍጮ አለኝ። ሞተሩ 18.5 ኪሎዋት፣ ስሪ ፌዝ (ኃይሉ በሦስት ሽቦዎች፣ ማለትም በሦስት ፌዞች የሚገባለት) ነው። የህዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ ለኬንያም ኃይል እየተሸጠ ነው። እኛ ዘንድ ግን መብራት በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይጠፋል፤ ሲኖርም ምሽት ላይ በጣም ይደክማል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሞተሬ ሁለት ጊዜ ተቃጥሎ አስጠምጥሜያለሁ። ለውጭ ከሚሸጠው ላይ ለእኛ ቢሰጠን ችግሩ አይፈታም? የሰፈሩ ሰው ‹ገንዘብ አዋጥተን ትልቅ ትራንስፎርመር እንግዛ› ይላል፤ እኔ ደግሞ ጄኔሬተር ልግዛ ወይስ ሶላር ላስገባ እያልኩ አስባለሁ። የትኛው ያዋጣኛል?»

ምላሽ፦ ጥያቄዎ ሁለት የተለያዩ ችግሮችን እንደ አንድ ቆጥሯል። መብራት መጥፋቱ አንድ ነገር ነው፤ መብራት እያለ መድከሙ ሌላ ነገር ነው። መነሻቸውም ሆነ መፍትሔያቸው ይለያያል፤ ሞተርዎን ሁለት ጊዜ ያስጠመጠመዎት ደግሞ በአብዛኛው ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱም ግን አገሪቱ ከምታመነጨው ኃይል ማነስ የመጡ አይመስሉም። ከማመንጫ እጥረት የሚመጣ መቋረጥ ሰፋ ያለ አካባቢን በአንድ ጊዜ የሚነካና ብዙውን ጊዜ በፈረቃ የሚመራ ነው፤ ምሽት ምሽት እየደከመ ሌሊት የሚያገግም ቮልቴጅ ግን የሰፈር መስመር መጨናነቅ ምልክት ነው።

መጀመሪያ ስለ ህዳሴ ግድብ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 13 ተርባይኖች አሉት፤ ሁለቱ 375፣ አሥራ አንዱ 400 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሲሆኑ ድምሩ 5,150 ሜጋዋት ይሆናል። ይህ ቁጥር ሁሉም ተርባይኖች በአንድ ጊዜ በሙሉ ጉልበት ሲሽከረከሩ የሚገኘው ከፍተኛ መጠን እንጂ ዓመቱን ሙሉ የሚወርድ ኃይል አይደለም። ግድቡ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የተሰላው ወደ 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ነው፤ ይህ ለዓመቱ ሰዓታት ሲካፈል በአማካይ 1,800 ሜጋዋት ገደማ ይሆናል፤ የሚወስነው ውሃው ነውና። አማካዩም ቢሆን እጅግ ትልቅ ኃይል ነው፤ ይሁንና 5,150 የሚለውን ቁጥር ይዞ «ይህ ሁሉ የት ገባ?» ብሎ መጠየቅ ከመነሻው የተሳሳተ ስሌት ላይ ይጥላል።

ወደ ኬንያ የሚሄደው ደግሞ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ሱስዋ በሚደርሰው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው የ500 ኪሎቮልት የቀጥታ ጅረት መስመር ነው። መስመሩ እስከ 2,000 ሜጋዋት የመሸከም አቅም ቢኖረውም ሽያጩ በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ውሉ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋዋት፣ ከዚያ በኋላ 400 ሜጋዋት ነው። አሁን ይህ ሽያጭ ነገ ጠዋት ቢቆም ምን እንደሚሆን እናስብ። የተረፈው ኃይል የሚገኘው በ400ና በ500 ኪሎቮልት ደረጃ ነው። ከዚያ እርስዎ ዘንድ ለመድረስ ወደ 230 ወይም 132 ኪሎቮልት መውረድ፣ በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 15 ወይም 33 ኪሎቮልት መለወጥ፣ በምሰሶ ላይ በተዘረጋ መስመር ብዙ ኪሎ ሜትር መጓዝ፣ በሰፈሩ ትራንስፎርመር 380/220 ቮልት መሆን፣ በመጨረሻም በቀጭን ገመድ ወደ ወፍጮ ቤትዎ መግባት ይኖርበታል። ከእነዚህ አንዱ ከሞላ ከላይ የቱንም ያህል ኃይል ቢትረፈረፍ ወደ ታች አይወርድም። የኬንያን ሽያጭ ማቆም የእርስዎን ቮልቴጅ በአንዲት ቮልት እንኳ ከፍ አያደርገውም፤ አገሪቱ ግን የውጭ ምንዛሪ ታጣለች።

እውነተኛ የማመንጫ እጥረት ምን እንደሚመስል በቅርብ ታሪክ አይተናል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ የውሃው መጠን ወርዶ 476 ሜጋዋት ጉድለት በመፈጠሩ መንግሥት በመላ አገሪቱ ፈረቃ አውጆ ነበር። ያኔ ሰዓቱ ለሕዝብ ይነገር ነበር፤ ፋብሪካዎችም ተራ ይጠብቁ ነበር፤ ወደ ጎረቤት አገሮች የሚላከው ኃይልም እንዲቋረጥና እንዲቀነስ ተደርጓል። ይህን የማነሣው ሽያጩ ከአገር ውስጥ ፍላጎት ቀድሞ አያውቅም ለማለት ሳይሆን፣ የምንጭ እጥረት ሲኖር ለውጭ የሚሸጠውም እንደሚነካ ለማሳየት ነው። የእርስዎ ሁኔታ ይህን አይመስልም።

ወደ ሞተሩ እንምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው። ወፍጮ ቤትዎ ከትራንስፎርመሩ 600 ሜትር ይርቃል፣ የተዘረጋውም 25 ሚሊ ሜትር ካሬ የአሉሚኒየም ገመድ ነው እንበል። የዚህ ገመድ ተቃውሞ በኪሎ ሜትር 1.2 ኦም ገደማ ስለሆነ በ600 ሜትር 0.72 ኦም ይሆናል። 18.5 ኪሎዋት ሞተር በሙሉ ጭነት 37 አምፔር ያህል ይስባል። እነዚህን አባዝተን የሞተሩን ፓወር ፋክተር፣ ማለትም ከሚስበው አምፔር ለሥራ የሚውለውን ድርሻ፣ እና የመስመሩን ሌላ ባሕርይ ስናስገባ፣ ከ220 ቮልቱ ውስጥ 25 ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ምሽት ላይ ትራንስፎርመሩ ራሱ በጭነት ተይዞ 205 ቮልት ብቻ እየሰጠ ከሆነ እርስዎ ጋ የሚደርሰው 180 ነው። የሞተር የማዞር ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ በካሬው ነው የሚወርደው፤ በ180 ቮልት ከመደበኛው ጉልበቱ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ይቀራል። ድንጋዩ ግን ያንኑ እህል እንዲፈጭ ይጠበቅበታልና ሞተሩ ጉድለቱን በአምፔር ለማካካስ ይሞክራል፤ አምፔሩ በ22 በመቶ ሲጨምር በጥምጥሙ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ወደ 50 በመቶ ያድጋል። ጥምጥሙን የሚያነደው ይህ ነው። ጠምጣሚው «ሽቦው ጥራት የለውም» ብሎዎት ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና ከውጭ የመጣ ምርጥ ሞተር ቢያስገቡም በዚህ ቮልቴጅ ዕድሜ አይኖረውም።

ሌሎቹ ቤቶችስ? በሰፈር ትራንስፎርመር ላይ ከሁሉ የከበደው ጭነት አምፖልም ቴሌቪዥንም አይደለም፤ የእንጀራ ምጣድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፤ 200 ኬቪኤ (ኬቪኤ የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ ነው) ትራንስፎርመር ሌላ ምንም ሳይጫንበት 57 ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲጣድ ይሞላል። በበዓል ዋዜማ በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ስንት ቤት ምጣድ እንደሚጥድ ማንም ያውቃል። ከዚህ የሚብሰው ምጣዱ በአንድ ፌዝ ብቻ የሚሠራ መሆኑ ነው፤ አምፔሩ በፌዙ ሄዶ በኒውትራሉ ይመለሳል፤ ስለዚህ በዚያው ባለ 25 ገመድ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ምጣድ ብቻዋን 23 ቮልት ልትበላ ትችላለች። ቆጣሪ ሲገባ ሠራተኛው ለመድረስ የቀለለውን ፌዝ እየያዘ ከሄደ ደግሞ፣ ከዓመታት በኋላ አንዱ ፌዝ ሞልቶ ሌላው ባዶ ይሆናል። በስሪ ፌዝ ሞተር ላይ የፌዞች አለመመጣጠን ከመድከም ይልቅ አደገኛ ነው፤ በቮልቴጅ 3.5 በመቶ ልዩነት ብቻ የጥምጥሙን የሙቀት ጭማሪ በ25 በመቶ ያህል ያሳድገዋል። አንዱ ፌዝ ጨርሶ ሲቋረጥ፣ ለምሳሌ በትራንስፎርመሩ ላይ አንድ ፊውዝ ሲበጠስ፣ ሞተሩ በሁለቱ እየጮኸ ለመዞር ይታገልና በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። እርስዎ ዘንድ ከሦስቱ የትኛው እንደተፈጸመ የተቃጠለው ጥምጥም ራሱ ይናገራል፤ ሦስቱም ፌዝ እኩል ጠቁሮ ከሆነ ድካም ወይም ከልክ ያለፈ ጭነት ነው፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ጠቁረው ሌላው ንጹሕ ከሆነ ፌዝ መቋረጥ ወይም አለመመጣጠን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ጠምጣሚው አሮጌውን ሽቦ ፈትቶ ከመጣሉ በፊት ገብተው ይዩት።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይለኩ። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሽያን ይዘው ለሁለት ሳምንት ያህል ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓትና ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ የሦስቱንም ፌዝ ቮልቴጅ፣ አንድ ጊዜ ሞተሩ ቆሞ ሌላ ጊዜ እህል እየፈጨ፣ በደብተር ያስመዝግቡ። ሞተሩ ቆሞ 215 የነበረው ሲፈጭ ወደ 185 ከወረደ ችግሩ ከትራንስፎርመሩ እስከ እርስዎ ባለው ገመድ ወይም በአንድ የላላ ማያያዣ ነው። ሞተሩ ቆሞም 190 ከሆነ ትራንስፎርመሩ ወይም የሰፈሩ ጭነት ነው። ሁለቱ ፌዞች 218 ሆነው ሦስተኛው 180 ከሆነ ደግሞ የጭነት ክፍፍል ጉድለት ነው፤ ይህ አዲስ ዕቃ መግዛት ሳያስፈልግ በጥቂት ሰዓት ሥራ የሚስተካከል ነው። መብራት የጠፋበትንና የመጣበትንም ሰዓት በዚያው ደብተር ላይ ይጻፉ፤ ጎረቤት ሰፈርም አብሮ ጠፍቶ እንደሆነ ይጠይቁ። የእናንተ ሰፈር ብቻ ከሆነ ትራንስፎርመሩ ነው፤ ከተማው ግማሹ ከጠፋ የ15 ኪሎቮልት መስመሩ ነው።

አሁን ወደ ጠቀሷቸው አማራጮች። «ትልቅ ትራንስፎርመር እንግዛ» የሚለው ሐሳብ ልኬቱ ትራንስፎርመሩ መሙላቱን ካሳየ ብቻ ትርጉም አለው። ችግሩ ገመዱ ከሆነ በ200 ኬቪኤ ምትክ 315 ኬቪኤ ብትሰቅሉም 25 ቮልቱ መንገድ ላይ መቅረቱን አይተውም። በእኔ አስተያየት አንድ ትልቅ ትራንስፎርመር በቀድሞው ቦታ ከመተካት ይልቅ ሁለተኛና አነስ ያለ ትራንስፎርመር ጭነቱ በሚበዛበት ጫፍ መትከል ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ የቀጭኑን ገመድ ርቀት በግማሽ ያሳጥራልና። ገመዱን ከ25 ወደ 95 ሚሊ ሜትር ካሬ መቀየርም በእርስዎ ሁኔታ የ25 ቮልቱን ጉድለት ከ10 በታች ያወርደዋል። ግን ትራንስፎርመሩም ገመዱም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ንብረት የሚሆኑ ናቸው፤ ተከላውንም የሚያከናውነው እሱ ነው። መዋጮው በጽሑፍ በቀረበ ጥያቄ፣ በተቋሙ የዋጋ ግምትና በደረሰኝ መፈጸም ይኖርበታል። ለማንም ግለሰብ በእጅ ገንዘብ አትስጡ።

ስታቢላይዘር ብዙ ሰው የሚያምንበት መፍትሔ ነው፤ ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን ይበቃል። በ18.5 ኪሎዋት ሞተር ላይ ግን ዋጋው ከባድ ከመሆኑም በላይ ቮልቴጁን የሚያነሣው ከመስመሩ ተጨማሪ አምፔር በመሳብ ነው፤ እርስዎ ጋ የተነሣው ቮልቴጅ ጎረቤትዎ ጋ ይወርዳል። ሁሉም ሰው ስታቢላይዘር የገዛበት ሰፈር እርስ በርሱ እየተሻማ ይበልጥ ይደክማል። ሶላርን በተመለከተ፣ ለመብራትና ለስልክ ቻርጅ እጅግ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ይህን የሚያህል ሞተር ለማስነሣት የሚያስፈልገው ኢንቨርተርና ባትሪ ለእህል ወፍጮ ገቢ የሚመጥን አይደለም። ይህን አማራጭ ለጊዜው ይተዉት።

ጄኔሬተሩ የበለጠ ስሌት ይፈልጋል። ሞተሩ በስታር ዴልታ (ሲነሣ የሚስበውን አምፔር በሚቀንስ ማስነሻ) እየተነሣ እንኳ 50 ኬቪኤ ገደማ ጄኔሬተር ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ ጄኔሬተር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ0.3 እስከ 0.4 ሊትር ናፍጣ ይወስዳል፤ ወፍጮው በሰዓት 15 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ከሆነ በየሰዓቱ ከ4.5 እስከ 6 ሊትር ማለት ነው። ይህን በከተማዎ የናፍጣ ዋጋ ያባዙና በአንድ ሰዓት ከምትፈጩት እህል ከሚገኘው ገቢ ጋር ያነጻጽሩት። ዘይት፣ ፊልተር፣ ጥገናና የመግዣው ዋጋ ገና አልተቆጠሩም። በኤሌክትሪክ ኢኮኖሚ ጥናት ውስጥ ያልቀረበ ኃይል ምን ያህል ኪሳራ እንደሚያደርስ ሲሰላ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚደረግበት ነጥብ እዚህ አለ፤ የጠፋ ሰዓት ሁሉ የጠፋ ገቢ አይደለም። ደንበኛዎ ጤፏን አስቀምጣ ሄዳ መብራት ሲመጣ ከተመለሰች ገቢው ዘገየ እንጂ አልጠፋም፤ የእርስዎ እውነተኛ ኪሳራ ወደ ሌላ ወፍጮ የሄደው እህልና ሥራ ፈትቶ የዋለው ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ሊጡ ተቦክቶ መብራት የጠፋበት ዳቦ ቤት ግን የመቋረጡን ኪሳራ ሙሉ በሙሉ ይሸከማል። ለዚህ ነው ጄኔሬተር ለዳቦ ቤት እያዋጣ ለወፍጮ ብዙ ጊዜ የማያዋጣው።

የሰፈር መስመሮች ለምን ኋላ ቀሩ የሚለውም መልስ ያስፈልገዋል። በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው ኮርፖሬሽን ለሁለት ሲከፈል ማመንጨትና ማስተላለፍ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈልና ሽያጭ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። ለረጅም ዓመታት ትልቁ ገንዘብ ወደ ግድቦችና ወደ ከፍተኛ መስመሮች ሄደ፤ የአገልግሎት ታሪፉ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቶ እስከ 2011 ዓ.ም. ደረሰ። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤተሰብ የአንዱ ዋጋ 27 ሳንቲም ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ ከዚያ ገቢ የበሰበሰ ምሰሶ መቀየሪያ አይተርፍም ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት የሚዘልቀው ማሻሻያ ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነው። ጭማሪው ከኪስ እንደሚወጣ አውቃለሁ፤ ለድሃ ቤተሰብ የሚደረገው ድጎማም መጠበቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ዳሩ ግን ከታሪፉ የሚገኘው ገንዘብ ወደ ሰፈር መስመር መውረዱን ተጠቃሚው በዓመት ስንት ጊዜና ስንት ሰዓት እንደተቋረጠበት በሚያሳይ አኃዝ እየተከታተለ የመጠየቅ መብት አለው፤ ይህ አኃዝ በየአካባቢው ሊወጣ ይገባል።

ምክሬ ግልጽ ነው፤ ጄኔሬተሩን አሁን አይግዙ። መጀመሪያ በሞተሩ መቆጣጠሪያ ላይ የፌዝ መቋረጥን፣ የቮልቴጅ መውረድንና መብዛትን ለይቶ ሞተሩን የሚያቆም ሪሌይ፣ ከሞተሩ አምፔር ጋር በትክክል የተስተካከለ የኦቨርሎድ መከላከያ ያስገጥሙ። የሁለቱም ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ማስጠምጠም ያንሳል። ሪሌዩን ቮልቴጁ ከ190 በታች ሲወርድ ሞተሩን እንዲያቆም ያስተካክሉት፤ ምሽት ላይ እየደጋገመ ሲያቆምዎት የሚነሣውን ንዴት ችለው ሥራዎን ወደ ጠዋት ያዙሩት። ቀጥሎ ሞተሩ ከሥራው በላይ ትልቅ ከሆነ ፓወር ፋክተሩን የሚያሻሽል ካፓሲተር እንዲገጠምለት ያስለኩ፤ ከ0.7 ወደ 0.95 ማሻሻል ከመስመሩ የሚስቡትን አምፔር በሩብ ይቀንሳል፤ የመስመሩ ድካምም በመጠኑ ይቀላል። ከዚያ የሁለት ሳምንቱን መዝገብ አያይዛችሁ፣ የሰፈሩ ሰዎች ፈርማችሁ፣ የፌዝ ክፍፍሉ እንዲስተካከልና የትራንስፎርመሩ ጭነት ምሽት ላይ እንዲለካ ለአገልግሎት መስጫ ማዕከሉ በጽሑፍ አመልክቱ። «መብራት ይደክማል» ከሚል አቤቱታ ይልቅ «ፌዝ ሦስት ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ 180 ቮልት ነው» የሚል ወረቀት ለቴክኒሻኑ የሚሠራበት ነገር ይሰጠዋል።

ሁለት ነገሮች ግን የሕይወት ጉዳይ ናቸውና ያለ ይሉኝታ እናገራለሁ። ወደፊት ጄኔሬተር ቢገዙ ከመስመሩ ፈጽሞ የሚለይ መቀያየሪያ ማብሪያ ሳይኖር አያስነሡት፤ ከጄኔሬተሩ የሚወጣው ኃይል በትራንስፎርመሩ ወደ ኋላ ተመልሶ 15 ሺህ ቮልት ይሆናል፤ «መብራት የለም» ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛም ይገድላል። እንዲሁም በሰፈሩ አንዳንዱ አምፖል ከልክ በላይ ሲበራ ሌላው ሲፈዝ ካያችሁ ኒውትራል ተበጥሷል ማለት ነው፤ አንዳንዱ ቤት ከ300 ቮልት በላይ ሊገባበት ይችላል፤ ወዲያው ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ በ905 ደውሉ። ማንም ጎረቤት ምሰሶ ላይ ወጥቶ እንዲያስር አትፍቀዱ፤ በትራንስፎርመር ፊውዝ ምትክም ሽቦ አይጠምዘዝ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሞተሩ መቃጠሉን ያቆማል፤ ምሽቱም ይሻሻላል። በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ መጥፋቱ ግን በዚህ ብቻ አይቆምም። የ15 ኪሎቮልት መስመር በአብዛኛው ኃይል የሚያገኘው ከአንድ ጫፍ ብቻ ነው፤ አንድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሲነካው በመስመሩ ላይ ያለው ብዙ ሰፈር አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ ይህን ማስተካከል የተቋሙ እንጂ የእርስዎ አቅም አይደለም። ስድስት ወር ከመዘገቡ በኋላ በሥራ ሰዓት የሚጠፋው በወር ከ40 ሰዓት በላይ ሆኖ ከተገኘና ደንበኞችዎም ወደ ሌላ ወፍጮ መሄዳቸውን ካረጋገጡ፣ ያኔ ከአንድ ሁለት የአካባቢው ወፍጮ ቤቶች ጋር ሆነው ስለሚገዙት ጄኔሬተር መነጋገር ይቻላል።